ልጆቹ ከእኔ የተማሩት ኳስ አነሳስ

ጀርባዬን ያዳኑት ሐኪምና መድኃኒት ናቸው፤ ይህን አልክድም። ወደ ትክክለኛው ሐኪም የገፋኝ ግን ቅናት ነው። ሰው ከሕመም ተነሥቶ ሲጽፍ ትዕግሥቱን ያወራል፣ ያስታመሙትን ያመሰግናል። እኔም ቦታው ሲደርስ አመሰግናለሁ። አስቀድሜ ግን ሐቁን ልናገር፤ በሐዋ ባልቀና ኖሮ ዛሬ በእግሬ አልሄድም ነበር።

ይመኙሻል እባላለሁ። የተወለድኩት አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ አምባዎች በአንዱ ነው፤ ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። ገና በልጅነቴ ቁመቴ ከእኩዮቼ ሁሉ በልጦ ሲሄድ እናቴ "ይችን ደሞ ማን ያገባታል" እያለች ትጨነቅ ነበር። ቀድሞ ያገባኝ ቅርጫት ኳስ ነው። አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ በደመወዝ ተጫወትኩ። ሥራዬ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ስቶ የሚመለሰውን ኳስ መንጠቅ ነበር፤ በዚያም ስም ነበረኝ። ጉልበቴ ሲደክም ወደ አገሬ ተመልሼ የባምባሲውን ልጅ፣ የፊዚክስ መምህሩን ገመቹን አገባሁ፤ የሴት ልጆች ቡድንም አቋቋምኩ። ሜዳችን ሲሚንቶ ነው፣ አጥሩ ቀርከሃ። ከቀትር በኋላ የሲሚንቶው ግለት ጫማ አልፎ ይመጣል። ልጆቹ "ኮች" ሲሉኝ ግን ያ ሁሉ ግለት አይሰማኝም ነበር።

ሐዋ የመጀመሪያዋ ተጫዋቼ ናት። የመንጌ ወረዳ ልጅ ናት፤ እናቷ ወንዝ ዳር ወርቅ እያጠበች ነው ያሳደገቻት። የአፍ መፍቻዋ በርታኛ ስለሆነ አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፣ እስከ ዛሬም ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ትላለች። ካደገች በኋላ ረዳቴ አደረግኳት። ረዳት ማለት በእኔ አእምሮ ኳስ የሚነፋ፣ ውኃ የሚያቀርብ፣ ሲጠሩት "አቤት" የሚል ሰው ነበር። ልጆቹ ከልምምድ በኋላ ዙሪያዋን ከበው በርታኛ ሲያወሩና ሲሳሳቁ ሳይ ግን ሰበብ ፈልጌ እጠራታለሁ። ስለ እኔ የሚያወሩ ይመስለኛል። ስለ እኔ አለማውራታቸውን ሳውቅ ደግሞ ይብሳል።

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን አንድ ቀን ለልጆቹ አዘላለል ሳሳያቸው፣ ስወርድ ጀርባዬ መሀል አንድ ነገር ወጋኝ። ለሐኪም ሁሉ የተናገርኩት ይህንኑ ነው፦ "ስዘል ነው የጀመረኝ።" የመጀመሪያው ክሊኒክ ኩላሊት ነው አለኝ። ሁለተኛው ታይፎይድና ታይፈስ አብረው ተገኝተውብሻል ብሎ በመርፌ ወጋጋኝ፤ መቼስ በእኛ አገር ታሞ ታይፎይድ ያልተባለ ሰው ብርቅ ነው። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ገና ከመቀመጤ ቁመቴን አይቶ "ስፖርተኛ ነሽ እንዴ?" አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ አዲስ አበባ ስለነበርኩበት ጊዜ፣ ስለ ዋንጫው፣ ስለ ጭብጨባው አወራሁለት። አዳምጦ ሲጨርስ "እንግዲህ ይህ ሁሉ ዝላይ ነው ዋጋ ያስከፈለሽ፤ ዲስክ ነው" አለ። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ነገር ነው፤ ተንሸራቷል ማለቱ ነው። ሸሚዜን ገልጦ ጀርባዬን አላየም። እኔም አልጠየቅኩትም፣ ምክንያቱም መልሱ አኩርቶኛል። እንደ ማንም ሰው መታመም አልፈለግኩም፤ እንደ ተጫዋች ነው የታመምኩት።

የቡድናችን ወጌሻም በቅባት አሸኝ። ጣቱ ጀርባዬ ላይ አንድ ጉብ ያለ ቦታ ሲያገኝ "ይኸው የወጣው ዲስክ" ብሎ ወደ ውስጥ ሊመልሰው ይጫነው ጀመር። ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ የበራው መብራት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ሌሎች ምልክቶችም ነበሩ። አመሻሽ ላይ ትኩሳት ቢጤ ይለቅብኛል፤ የድካም ነው አልኩ። ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፤ የአሶሳ ሙቀት ነው አልኩ። ከሳሁ፤ ይኼንንማ እንደ ጸጋ ነው የቆጠርኩት፣ የተጫዋችነት ጊዜዬ ቱታ ልክ ሆነልኝና ለብሼው ወጣሁ። ገመቹ ብቻ "ምግብ ትተሻል እኮ ይመኙ" እያለ ይጨቀጭቀኝ ነበር።

"ተኚ፣ ዕረፊ" ያላለኝ ሰው አልነበረም። ዕረፍት ሲባል ግን ለእኔ የምትታየኝ ሐዋ ናት፤ ፊሽካዬን በአንገቷ አጥልቃ፣ ወንበሬ ላይ። ከክረምቱ በኋላ የክልሎች ውድድር ነበረ። ስንት ዓመት የደከምኩበትን ቡድን ለማን ትቼ ነው የምተኛው? ማስታገሻ እየዋጥኩ፣ ወገቤን በሰፊ መቀነት ጠፍሬ ሜዳ እወጣ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአግዳሚው ልነሣ ስል እግሮቼ እንቢ አሉ። ተንሸራትቼ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ የሆነ ነገር ላሳያቸው የተቀመጥኩ መስሏቸው ተሰብስበው ይጠብቁ ጀመር። ቀድማ የገባት ሐዋ ናት፤ በብብቴ ገብታ ተሸክማ አወጣችኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ ያሰብኩት "ጀርባዋ እንዴት ጠንካራ ነው" ብዬ ነው።

ቤት ዋልኩ። በሰው ትከሻ ተደግፌ ጥቂት እራመዳለሁ፣ ከዚያ በላይ የለም። እናቴ ከአምባው መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"የሰው ዓይን ነው የበላሽ፣ ልጄ" አለችኝ።

"የማን ዓይን?"

"እኔማ በምን አውቄ። አንቺ የምትጠረጥሪው የለም?"

ወዲያው ሐዋን ጠረጠርኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ በዓይን የሚበላ ሰው ከነበረ በዚያ ሰሞን እኔ ነበርኩ። የገመቹ እኅት ደግሞ ልትጸልይልኝ መጥታ እጇን ራሴ ላይ ጭና "ቂምና ቅናት አጥንት ይበላል፣ ካለብሽ ጣዪው" አለች። ማን እንደነገራት እንጃ። ገመቹን በዓይኔ ፈለግኩት፤ እሱ መስኮት መስኮቱን ያያል።

ሐዋ በሳምንቱ መጨረሻ ልጆቹን አስከትላ ማንጎ ይዛ መጣች። አልጋዬን ከበው ተቀመጡ። አንዷ ልጅ "ኮች፣ ቢላዋ አለ?" ስትል እኔና ሐዋ እኩል "አቤት" አልን። ልጅቷ ያየችው ወደ ሐዋ ነበር። ሐዋ ደንግጣ አንገቷን ደፋች። ማንጎውን በሉልኝ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤ ሲወጡ እንቅልፍ የወሰደኝ መሰልኩ።

በማግስቱ ለሐዋ ደወልኩና የልምምዱን ቪዲዮ በየቀኑ በቴሌግራም እንድትልክልኝ አዘዝኳት። "ከዚሁ ሆኜ ልርዳሽ" አልኳት። ውሸቴን ነው። የፈለግኩት ስህተቷን ነበር፤ አንድ ትልቅ ስህተት ባገኝ የክልሉ ስፖርት ቢሮ ዘንድ ደውዬ ልጆቹ እየተበላሹ ነው ልል ነበር። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ቪዲዮው እየተቆራረጠ ነው የሚገባው፤ እኔም ተጋድሜ፣ ስልኩን ደረቴ ላይ አቁሜ ስጠብቅ እውላለሁ። ስህተት ሳጣ ደግሞ ሕመሙ ይብስብኛል። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ያቀባብላሉ፣ ይስቃሉ። በእኔ ጊዜ እንዲህ ይስቁ ነበር?

በመጨረሻ አገኘሁት። ኳስ ወለል ላይ ሲያመልጣቸው ሮጠው ጎንበስ ብለው እንደመቅለብ፣ ይቆማሉ፤ አንድ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ እንስራ እንደተሸከመ ሰው፣ በጉልበታቸው ብቻ ቁጢጥ ይላሉ፤ ኳሱን አንሥተው በዚያው መልክ ቀስ ብለው ይነሣሉ። አንዷ ብቻ አይደለችም። ሁሉም። እስኪያነሡት ድረስ ባላጋራ ወስዶ ነጥብ አስቆጥሮ ይመለሳል። ደስታዬን ምን ልበላችሁ። ገመቹን ጠርቼ አሳየሁትና ወዲያው ደወልኩ።

"ሐዋ፣ ማነው ኳስ እንዲህ ማንሣት ያስተማራቸው?"

"እንዴት ኮች?"

"ቁጢጥ እያሉ ነዋ! የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው ወይስ ሽንት ቤት?"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

"ኮች፣ አንተ ነው" አለች።

"ምኑ ነው እኔ?"

"አንተ ነው ያስተማርከው። በአፍ አይደለም። አንተ ኳስ ስታነሣ እንደዚህ ነው። ልጆቹ ያያል፣ ልጆቹ ያደርጋል። እኔ ደግሞ አዲስ ቴክኒክ ነው፣ ከክለብ ያመጣህ ነው ብዬ። እኔም እንደዚህ ነው የማነሣ፣ ወላሂ።"

"እሱማ ወገቤን ካመመኝ በኋላ ነው!"

"ላ፣ አይደለም ኮች። ያን ቀን ዘለህ አመመኝ ያልከው፣ ከዚያ በፊት ነው። ዝናብ ሳይመጣ።"

ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ጥቂት ቆይቶ አንድ አሮጌ ቪዲዮ ላከችልኝ፣ ያለ ምንም ጽሑፍ። ገና ክረምቱ ሳይገባ የተቀረጸ ነው፤ አቧራው ይታያል። ኳስ ተንከባሎ እግሬ ሥር ይመጣል። አንድ እጄን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ፤ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ ቁጢጥ እላለሁ፤ እንደዚያው ሆኜ እነሣለሁ። ፊቴ ላይ ሕመም የለም። እንደዚያ ማንሣቴን ራሴ አላውቅም ነበር። ከኋላዬ ደግሞ ሁለት ልጆች በትኩረት ያዩኛል።

ገመቹ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ደጋግሞ አየው። ከዚያ እንደ ክፍል ውስጥ ድምፁ ቀዝቀዝ ብሎ "ውጤት ከምክንያቱ አይቀድምም" አለ።

"ምን ማለት ነው?"

"የጎዳሽ ዝላዩ ከሆነ፣ ይቺ ሴትዮ ገና ሳትዘል ወገቧን ለምን ትፈራለች?"

የገመቹን ሞተር ሳይክል ሸጠን፣ በወለጋ በኩል ያለው መንገድ ስለማያስተማምን በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባን። ድሮ ጭብጨባ የሰማሁባት ከተማ ናት፤ አሁን በገመቹ ትከሻ ላይ ተንጠልጥዬ የሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ወረፋ ጠበቅኩ። አግዳሚው ሞልቷል። ከፓዌ የመጡ አንድ ገበሬ፣ እሳቸውም እንደ ወላጆቼ በሰፈራ የሄዱ፣ አነጋገሬን ሰምተው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና ተነሡ። "ጋደም በይ ልጄ። እኔ መቆም ለምጃለሁ" አሉ። ጋቢያቸውንም አጥፈው ከራሴ ሥር አደረጉልኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ ተጠርተው ገቡ።

ተራችን ሲደርስ ወጣት ሴት ሐኪም ናት ያገኘችን። "ሥራሽ ምንድን ነው?" ስትለኝ አፌን ልከፍት ስል ገመቹ ቀደመኝ። "ዶክተር፣ ሥራዋን ኋላ ትነግርሻለች። መጀመሪያ ይህን እይልን" ብሎ ቪዲዮውን ሰጣት። አየችው። እስክሪብቶዋን ሆነ ብላ ወለሉ ላይ ጣለችና "እስቲ አንሺልኝ" አለችኝ። ጠረጴዛውን ይዤ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ፣ ጀርባዬ ቀጥ እንዳለ ወረድኩ። ልብሴን ገልጣ በጣቷ አከርካሪዬን ከላይ እስከ ታች ተከተለች፤ ያ ወጌሻው የተጫነው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች።

የላከችኝ ኤምአርአይ፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው ትልቁ ማሽን ጋ ነው፤ ከጀርባዬም በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ቲቢ ሆነ። የአከርካሪ አጥንት ቲቢ።

"ቲቢ? እኔ እኮ አላስልም" አልኳት።

"አጥንት አያስልም። መታጠፍ እንቢ ይላል እንጂ" አለችኝ። ተሕዋሲው በደም ዞሮ አጥንት ውስጥ ሊገባ እንደሚችል፣ ቀስ እያለ አጥንቱን እንደሚበላ፣ የያዘው መግል ነርቭ ሲጫን እግር እንደሚከዳ አስረዳችኝ። መታሸቱ ሽባ አድርጎ ሊያስቀረኝ ይችል እንደነበርም ነገረችኝ።

"ሜዳ እመለሳለሁ?" አልኳት።

"መጀመሪያ ሽንት ቤት ድረስ ብቻሽን ሂጂ" አለች።

መድኃኒቱን አሶሳ ተመልሼ ከጤና ጣቢያ በነጻ ነው የወሰድኩት፤ በየጠዋቱ እየሄድኩ፣ ነርሷ ፊት እውጠው ነበር። ሽንቴ እንደ ቀይ ሥር ውኃ ሲሆን ደነገጥኩ፤ ከመድኃኒቱ ነው፣ አትፍሪ ተባልኩ። ወሬው ሲሰማ ጎረቤት ኩባያዬን መሸሽ ጀመረ። የአጥንት ቲቢ እንደ ሳንባው በትንፋሽ አይተላለፍም ብዬ ባስረዳም የሚያምነኝ ጥቂት ነበር። ሐዋ መጥታ የጀመርኩትን ውኃ ከእጄ ተቀብላ ጨልጣ ጠጣችው። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል። እኔ ግን ደግነቷም አስቀናኝ። በእሷ ቦታ እኔ ብሆን እጠጣው ነበር? እንጃ።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ በሜዳው አጥር ሥር ያልፋል። ባጃጅ ነጂውን "እዚህ ጋ ቀስ በል፣ ጀርባዬን ያመኛል" እለዋለሁ፤ በቀርከሃው ስንጥቅ ልጆቹን ለማየት ነው። እሱም ገብቶት ኖሮ ኋላ ኋላ ሳልነግረው ይቆምልኝ ጀመር። በዚያ ስንጥቅ ያየሁት ሌላ ነገር ጨመረብኝ። ልጆቹ ቁጢጥ ማለት ትተዋል። ሐዋ አስትታቸዋለች። እየሮጡ ጎንበስ ብለው፣ ኳሱን በአንድ እጅ ጠርገው ያልፋሉ። ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። ግን ከዚያ ሜዳ የመጨረሻዬ ምልክት የተፋቀ መሰለኝ። የሕመሜ ምልክት እንኳ ቢሆን የእኔ ነበር።

ለክልሎቹ ውድድር ይዛቸው የሄደች እሷ ናት። እንዲሸነፉ ተመኘሁ። ከጠበቅነው በላይ ገፍተው ሄደው በመጨረሻ ሲሸነፉ ደግሞ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ገመቹ የትኛው እንዳስለቀሰኝ ስላልገባው እግሬን ያሸኝ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የቻለኝ እሱ ነው፤ ምስጋናዬ መጀመሪያ ለእሱ ነው።

እግሬ ቀስ በቀስ ተመለሰልኝ። በዚህ መሀል አንድ ስህተት ልሠራ ነበር፤ መራመድ ስጀምር ድኛለሁ ብዬ መድኃኒቱን ላቆም አሰብኩ። ነርሷ ባጃጅ ይዛ ቤቴ ድረስ መጥታ ተቆጣችኝ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እስከ መጨረሻው ቀን ዋጡት። የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከላብና ከክሳት ጋር ከመጣባችሁ ምርመራ ሳይደረግላችሁ አትታሹ። ከሁሉ በላይ፣ ሐኪም ሥራችሁን ሲጠይቃችሁ ንገሩት፤ ግን ሥራችሁ በሕመማችሁ ፈንታ መልስ እንዳይሰጥ ተጠንቀቁ። ተሸካሚውን "ሸክም ነው"፣ ልብስ ሰፊዋን "መቀመጥ ነው" ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። እኔን ዝላይ ነው ብለው ሸኙኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተሸኘሁ።

አጥንቱ ከዳነ በኋላ ጀርባዬ አሁንም መታጠፍ ይፈራ ነበር። ሐኪሟ ስትፈቅድ የሰውነት ማፍታቻ የሚያሠራኝ ባለሙያ ፎጣ ወለል ላይ እየጣለ ያስነሣኝ ነበር። ቁጢጥ ማለት ስጀምር ትከሻዬን ይዞ "ከወገብሽ እጠፊው፣ አይሰበርም" ይለኛል። ስንት ጊዜ እንዳለኝ አልቆጠርኩም። አንድ ቀን ታጠፈ፤ አልተሰበረምም።

ቢሮው ደወለ። "ቡድኑን የሚይዘው ማን ይሁን? አንቺ ያልሽው ይሆናል" አሉኝ። ነገ እመልስላችኋለሁ ብዬ ከሰዓት በኋላ ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አጥልቄ ወደ ሜዳ ሄድኩ። መልሴን ቀድሜ አውቄው ነበር። ወንበሬን ልወስድ ነው የሄድኩት። ድኛለሁ፣ ቅናቴ ግን ድኗል አልላችሁም።

ልጆቹ ሲያዩኝ ጮኸው መጡ። ሐዋ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ቆመች፤ አግዳሚው ላይ የነበረ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች፣ ሳልነግራት። ልጆቹ ወደ ልምምዳቸው ተመለሱ። አንድ ኳስ አምልጦ ተንከባሎ በእኔና በእሷ መካከል ቆመ። ሐዋ ልታነሣው መጣች። ቆመች። አንድ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ያን ጤነኛ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ቁጢጥ አለች፤ አነሣችው፤ እንደዚያው ቀስ ብላ ተነሣች።

ልጆቹን ሁሉ አስትታለች። ራሷን ያየላት ሰው አልነበረም።

ኳሱን ከእጇ ተቀብዬ፣ ጎንበስ ብዬ መልሼ እግሯ ሥር አስቀመጥኩት።

"ከወገብሽ እጠፊው ኮች" አልኳት። "አይሰበርም።"

ሐዋ "ኮች" ያልኩት ሌላ ሰው መስሏት ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች።